በፎጣ የተጠቀለሉት ዲስኮች

«የምትሠራው ልጅቷ ናት፤ እሷ ደግሞ አትጠይቅም።»

ኡናይሲ ይህን ከአጎቷ አፍ የሰማችው ኩሽና ቆማ የተቀቀለውን ካሳቫ ውኃ እያጠነፈፈች ሳለ ነው። በኩሽናውና በበረንዳው መካከል ያለው አንድ አበባማ መጋረጃ ብቻ ነው። አጎቷ አፓኩኪ አንድ ጆሮው ደከም ስላለ ስልክ የሚያወራው በድምፅ ማጉያው ነው፤ ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ የሚመጣው የሳኬዎ ሳቅም አላመለጣትም። ሳኬዎ የሁለቱም አለቃ፣ የድምፅ መዝገብ ቤቱ ዳይሬክተር ነው። የናሳሊያ ሽማግሌዎች ቅጂ ዛሬ ከኮምፒውተሩ ማከማቻ ማሽን ካልጠፋ፣ ሰኞ ለሚመጡት የፊልም ሰዎች ቃል የገባሁላቸው ቦታ አይገኝም ይላል። አጎቷ «አይስጉ ጌታዬ፣ ዛሬውኑ ያልቃል» ብሎ ስልኩን ዘጋና እንደ ማንኛውም ጠዋት ጉሮሮውን ጠርጎ ሻይ ጠየቀ።

ናሳሊያ እዚሁ ደሴት ላይ ባሕር የበላው መንደር ነው። ሰዎቹ ወደ ኮረብታው ሲወጡ መቃብራቸውን፣ የዓሣ ማጥመጃቸውን ድንበርና የቤተ ክርስቲያናቸውን መሠረት ውኃ ውስጥ ትተው ነው የወጡት። መዝገብ ቤቱ መቅጃ ይዞ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አናገራቸው፤ የማን አያት የት እንደተቀበረች፣ ከየትኛው ቋጥኝ እስከ የትኛው ቋጥኝ ያለው ባሕር የማን እንደሆነ ተናገሩ። ከተናገሩት አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። የኡናይሲ እናት ቫሲቲም አንዷ ነበረች። ቫሲቲ የአፓኩኪ ታላቅ እህት ናት፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ኡናይሲ የእናቷን ቅጂ ስም በየቀኑ ስክሪኑ ላይ ታየዋለች። ከፍታ ለመስማት ግን እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንድም ቀን አልደፈረችም።

ለቁርስ ተቀመጡ። የአጎቷ ሚስት ሊቲያ የዳቦ ዋጋ እንደገና መጨመሩን ለራሷ እያጉረመረመች ቁራሹን አሳንሳ ቆረጠች። ካሳቫውም ቢሆን ድሮ አምስት ዶላር አውጥተው ለሁለት ቀን የሚበሉት ክምር አሁን ለአንድ ቁርስ አይበቃም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከጣራው ሥር እርጥበቱ ያበቀለው ጥቁር ሻጋታ ባለፈው ወር ከጠረጉት ቦታ ተመልሶ መጥቷል። ቤቱ የራሳቸው ስላልሆነ ማንም ቀለም ሊቀባው አይደፍርም፤ መሥሪያ ቤቱ ለአፓኩኪ የሰጠው፣ ሥራውን ያጣ ቀን የሚለቀው ቤት ነው። አፓኩኪ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። የቅቤውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አደረገና ዛሬ ከባድ ሥራ እንደሌለባት፣ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራውን አዲሱን ቨርቹዋል ድራይቭ ብቻ እንደምትሠራ ነገራት። የድሮው ምን ይሆናል የሚለውን አላነሳም። «እሺ ሞሞ» አለችው። ሞሞ የእናት ወንድም የሚጠራበት ስም ነው፤ ከተወለደች ሌላ ስም ጠርታው አታውቅም። ቀና ብላ ሊቲያን ብታያት ሊቲያ ዓይኗን ወደ ሳህኑ ጣለች። መጋረጃው ለሊቲያም ያው መጋረጃ ነው።

እሱ በጎረቤት ታክሲ ቀድሞ ሄደ። እሷ አውቶቡስ ስትጠብቅ፣ ተሳፍራም መስታወት በሌለው መስኮት የሚገባው ዝናብ ጉልበቷን ሲያርሰው፣ ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ታላምጣት ነበር። በመጀመሪያ ያናደዳት የቅጂው መጥፋት እንኳ አልነበረም፤ «አትጠይቅም» የምትለዋ ቃል ነች። እንደ አንድ ጥሩ መሣሪያ፣ እንደማይዝግ ቢላዋ አሞግሶ ነው ያቀበላት። ከተማ ስትወርድ ንዴቱ ጆሮዋ ድረስ አሙቋት ነበር።

መዝገብ ቤቱ ከወደቡ በላይ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ከሁሉም ክፍል ቀዝቃዛ አየር ያለው ማሽኑ የተቀመጠበት ክፍል ብቻ ስለሆነ በሙቀት ቀን ሠራተኛው ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ይገባል። ሳሪታ ጠረጴዛዋን ጨርሶ እዚያው በሩ ሥር አስገብታለች። ሥራዋ ቅጂዎቹን እያዳመጠች በጽሑፍ ማውጣት ነው፤ ለዓመታት ማዳመጫ አድርጋ ስለኖረች ፀጉሯ በመሐሉ ተደፍቆ ቀርቷል። ሮቲ የሚባለውን ቂጣዋን እየቆረሰች «ሞሞሽ ሸሚዝ ተኩሶ መጥቷል፣ ማን ሞተ?» አለቻት።

ኡናይሲ አልሳቀችም። ከናሳሊያ ቅጂ ምን ያህሉን በጽሑፍ እንዳወጣች ጠየቀቻት።

«ሲሶውን እንኳ አልነካሁትም። ሳኬዎ ግን ለቦርዱ በሙሉ ወጥቷል ብሏቸዋል አሉ። በእግሬም እንደምጽፍ ነግሯቸው ይሆናል።»

«እናቴስ?»

ሳሪታ ሮቲዋን አስቀመጠች። እናቷ ጋ ገና እንዳልደረሰች፣ ያንን ደግሞ ጠዋት ጠዋት በደህና ጆሮዋ ልትሠራው ለይታ እንዳስቀመጠችው ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ኡናይሲ ጠዋት በስልክ ሲባል የሰማችውን ነገረቻት። ሳሪታ ሰምታ ስትጨርስ በራሷ ቋንቋ አንድ ስድብ ተሳደበች፤ ትርጉም አላስፈለገውም።

ማሽኑ ስምንት ዲስክ ይይዛል። የናሳሊያ ቅጂ በአራቱ አሮጌ ዲስኮች ላይ ነው። አራቱ በሬይድ ተሳስረው እንደ አንድ ድራይቭ ይሠራሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢበላሽ የቀሩት ሦስቱ የእሱን ድርሻ አውጥተው ይሰጣሉ። ያን ያሰረው አፓኩኪ ራሱ ነው። ሌሎቹ አራቱ ትናንት የገቡ አዲሶች ናቸው። ሳኬዎ የፈለገው ስምንቱም ተጨፍልቀው፣ ለመጠባበቂያ የሚቀር ቦታ ሳይኖራቸው፣ አንድ ሰፊ ቦታ እንዲሆኑ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ቦታው ይበዛል፣ አንዱ ዲስክ የሞተ ቀን ግን ሁሉም አብሮ ይሞታል። ኡናይሲ የማከማቻ ማስተዳደሪያ ፕሮግራሙን ከፈተች። በግራ በኩል የድሮው ድራይቭ በአረንጓዴ ምልክት ተቀምጧል፣ ከሥሩ አራቱ አዲሶች ማንም ያልያዛቸው ተብለው ተዘርዝረዋል። ማውሱን ያዘች። ከዚያ አዲሶቹን አራቱን ብቻ መረጠች፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲቆም አድርጋ አሰረቻቸው፣ ፕሮግራሙ የጠየቃትን አንድ በአንድ መልሳ አዲስ ቨርቹዋል ድራይቭ ሠራች። የድሮውን አልነካችውም። ተነስታ ወደ አጎቷ ክፍል ሄደች።

አፓኩኪ መነጽሩን አውልቆ ሰማት። ሐሳቡ የእሱ እንዳልሆነ፣ ከላይ የመጣ እንደሆነ ነገራት። ስልኩ ላይ የሰማችው ግን የእሱን ድምፅ እንደነበር ስትነግረው መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ስለ ቤቱ አወራ። የሳኬዎ አንዲት ፊርማ እንደምትበቃ፣ ሊቲያ በዚህ ዕድሜዋ ምንጣፏን የት እንደምታነጥፍ፣ እሷ ኡናይሲም የምታድረው በዚያው ጣራ ሥር እንደሆነ ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል አስረዳት። ንዴቷን ያባሰው ይህ ማባበል ነው።

«የእናቴ ድምፅ ነው ሞሞ» አለች።

«የእኔም እህት ናት።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን እኔ እንዳጠፋት ፈለጉ?»

አፓኩኪ ዞሮ መስኮቱን አየ። ወደቡ ላይ አንዲት ነጭ መርከብ ዝናብ ውስጥ ቆማለች፤ እሷን የሚቆጥር ይመስል ዓይኑን አልነቅል አለ። በዚያው ቅጽበት ሳኬዎ ሥራው አልቆ እንደሆነ ሊያይ መጣ።

ሳኬዎ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ሲቆጣ «እህቴ» ማለት ይወዳል። ማሽኑ ክፍል ገብቶ ስክሪኑን አየና «እህቴ፣ ግማሹን ነው የሠራሽልኝ» አላት። ኡናይሲ ቅጂው ሌላ ግልባጭ እንደሌለው፣ በጽሑፍም እንዳልወጣ፣ የናሳሊያ ሰዎችም እንዳልተጠየቁ ነገረችው። ሳሪታ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ ሳታወርድ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ምንም እያዳመጠች እንዳልሆነ ያስታውቅባታል። ሳኬዎ ባለፈው ዓመት ሙሉ ይህን ቅጂ ልስማ ብሎ በዚህ በር የገባ ሰው ካለ ስሙን እንድትነግረው ጠየቃት። የሚነገር ስም አልነበራትም። ለእሱ ይህ በቂ ነበር። ወደ አፓኩኪ ዞሮ «አንተ ጨርሰው» አለው።

አፓኩኪ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የድሮውን ድራይቭ መረጠ፤ አጥፋ የሚለውን ተጫነ። ፕሮግራሙ በላዩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ አስጠንቅቆ ማረጋገጫ ጠየቀው። ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ትንሿ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጎ እሺ አለ። አረንጓዴው ምልክት ከስክሪኑ ወጣ፤ አራቱ አሮጌ ዲስኮች እንደ አዲስ፣ ባዶና ማንም ያልያዛቸው ተብለው ተዘረዘሩ። ሳኬዎ ትከሻውን መታ መታ አደረገለትና ምሳውን ሊበላ ወጣ።

አፓኩኪም ተነሳ። ወንበሩን ወደ እሷ አዞረላት። «የቀረውን አንቺ ጨርሺ። የሠራሽውን አፍርሺና ስምንቱን አንድ አድርጊ፣ ከዳር እስከ ዳር በዜሮ እንዲሞላው እዘዢና ምሳሽን ብዪ» አላት።

ያኔ ነው የገባት። ሥራ ስትጀምር ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፤ ድራይቭ ሲጠፋ የሚጠፋው ማሰሪያው ብቻ ነው፣ ዲስኮቹ ላይ ያለው ነገር ሌላ እስካልተጻፈበት ድረስ እንዳለ ነው ብሎ፣ በዚህችው ወንበር አስቀምጦ አሳይቷታል። አሁን በአለቃው ፊት የታዘዘውን የፈጸመ መስሎ የመጨረሻውን ነገር ለእሷ ትቶላታል። እህቱን የገደለው እሱ አይሆንም።

«አንተ ነህ ያስተማርከኝ» አለችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችው። «ዜሮው ሲሞላባት እጁ የማን እንዲሆን እንደፈለግህ ገብቶኛል። የእኔ አይሆንም።»

አፓኩኪ መነጽሩን አስተካክሎ እሱም ወጣ።

ኡናይሲ አራቱን አሮጌ ዲስኮች ከየጎሬያቸው አወጣች። በየአንዳንዳቸው ላይ ፕላስተር ለጥፋ የነበሩበትን ተራ ጻፈችባቸው፤ ቅደም ተከተሉ ከጠፋ መልሶ ማሰር መከራ ነው። ዝናብ ሲመታት ራሷን የምታደርቅበት ፎጣ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ በእሱ ጠቀለለቻቸው። ሳሪታ በሩን ከፍታ ያዘችላት።

«ሌባ ሆንሽ ማለት ነው» አለቻት።

«እንጃ።»

«ምሳ ወጣች እላለሁ። እየሮጥሽ አትሂጂ፣ ያስታውቅብሻል።»

የናሳሊያ ሴቶች ዓርብ ዓርብ ገበያው ጥግ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ይሸጣሉ። በገመድ የታሰረ ሸርጣን፣ ኮኮናት፣ እንደ ወይን ፍሬ የተንዠረገገ አረንጓዴ የባሕር ተክል በሳህን በሳህን ደርድረዋል። ከመካከላቸው ሽማግሌዋ ሴኒሚሊ ናት፤ እዚያ አሮጊት ሁሉ ቡቡ ስለሚባል ቡቡ ሴኒሚሊ ይሏታል። ከኡናይሲ እናት ጋር አንድ ላይ ያደገች ናት። ኡናይሲ ቦርሳውን እንዳቀፈች ከፊቷ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻት፤ የፊልም ሰዎቹን፣ የሳኬዎን ትዕዛዝ፣ አጎቷ ያደረገውን። ስትጨርስ ፎጣውን ገልጣ አሳየቻት። ምርቃት ስትጠብቅ እንደነበር ያወቀችው ሳታገኘው ስትቀር ነው።

አሮጊቷ ዲስኮቹን አልነካቻቸውም። «እኛ ሙታናችንን አደራ ብለን ሰጠናችሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ሸርጣን የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «አንቺ ደግሞ በፎጣ ጠቅልለሽ፣ እንደ ተረፈ ዓሣ፣ ገበያ መሐል ታመጪልኛለሽ። ይህን ይዤ ምን ልሁን? መንደር ወስጄ ከኮኮናቱ ጋር ልስቀለው?»

ኡናይሲ ልታተርፋቸው ብላ እንደሆነ ልታስረዳ ሞከረች።

«እዚያ ቤት ስትሠሪ ስንት ጊዜሽ ነው? አንድ ቀን መጥተሽ ድምፃችሁ የት እንዳለ ኑና እዩ ብለሽናል? ያ ሰውዬ ማንም አልጠየቀም ያለው እውነቱን ነው። ዶሴ ቤት ይመስለናል፣ ጠባቂ አለው ይመስለናል። ልጃችን እዚያ አለች ብለን ነው የተኛነው።»

ኡናይሲ ፎጣውን ዲስኮቹ ላይ መለሰችው። ጠዋት ጆሮዋ ድረስ ያሞቃት ንዴት አሁን ከሌላ ሰው አፍ ወደ እሷ እየመጣ ነበር፤ አይገባኝም ልትል አልቻለችም። ቡቡ ሴኒሚሊ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች። ሸርጣኖቹ ላይ ጆንያ ጣለችባቸው፣ አጠገቧ አናናስ የምትሸጠውን ሴትዮ እንድታይላት ለመነቻት። ሌሎቹ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ሳህኖቻቸውን ደራርበው ሽርጣቸውን አጠበቁ። እንዲህ ተያይዘው በዝናብ ወደ ኮረብታው ወጡ፤ ኡናይሲ ቦርሳዋን አቅፋ ከኋላ ነበረች።

ሳኬዎ ከምሳ ሲመለስ ጫማቸው በደጁ ተደርድሮ፣ እነሱ በማሽኑ ክፍል ወለል ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኛቸው። ክፍሉ ባሕር ባሕር ይሸታል። እህቶቼ ብሎ ጀመረ፤ ንብረቱ የመንግሥት እንደሆነ፣ ጉዳዩ በቦርድ እንደሚታይ፣ ያለ ቀጠሮ መግባት እንደማይቻል አስረዳ። ማንም አላቋረጠውም፣ ማንም አልተነሳም። ከቢሮ የወጣውን ንብረት በፖሊስ እንደሚያስይዝ ሲናገር ቡቡ ሴኒሚሊ «ጥራቸው ልጄ፣ እኛም የምንነግራቸው አለን» አለችው። ከዚያ በሩን አልፋ አየችና «አፓኩኪ፣ ና ግባ» አለች።

አፓኩኪ አንገቱን ደፍቶ ገባ። የሚያዘው አለቃው ይሁን አሮጊቷ ለጊዜው አልታወቀውም፤ ሁለቱንም አየ። ኡናይሲ ፎጣውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ዲስኮቹን በተራቸው ወደየጎሬያቸው መለሰ። ፕሮግራሙን ከፈተ፣ አራቱን መረጠ፣ ማሰሪያውን ድሮ ራሱ እንዳሰረው አድርጎ ሞላ። አንድ ቦታ ላይ ፕሮግራሙ ድራይቩን በዜሮ ልሙላው ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀ። እጁን ማውሱ ላይ አቆመ። ሴቶቹ ጥያቄው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ኡናይሲ ግን ከኋላው ቆማ ታይ ነበር፣ እሱም ቆማ እንደምታይ ያውቃል። ይቅር የሚለውን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ የቅጂዎቹ ስም አንድ በአንድ ስክሪኑን ሞላው።

«ቫሲቲን ክፈት» አለችው ቡቡ ሴኒሚሊ።

የቫሲቲ ድምፅ ኡናይሲ ከምታስታውሰው ይልቅ ወፍራም ነበር። ከበስተጀርባዋ ዶሮ ይጮኻል፤ አንድ ጊዜ ንግግሯን አቋርጣ ዶሮውን ሰደበችው፣ ሴቶቹ ሳቁ። ከቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ስላለው መቃብር ታወራ ነበር። «እናታችን እዚያ ናት። ድንጋዩን ከወንዙ የተሸከመው ታናሽ ወንድሜ አፓኩኪ ነው። እንርዳህ ስንለው እምቢ ብሎ፣ እያለቀሰ ብቻውን ተሸከመው» አለች። አፓኩኪ መነጽሩን አላወለቀም፣ ዓይኑንም አልጠረገም። የቁልፍ ሰሌዳውን እያየ እስከ መጨረሻው ሰማ። 

ሴቶቹ ግልባጩ ሳያልቅ እንደማይነሱ ተናገሩ። ኡናይሲ ጠዋት በሠራችው አዲስ ድራይቭ ላይ መገልበጥ ጀመረች፤ ሳሪታ ሻይ አፈላች። ሳኬዎ የፊልም ሰዎቹን በስልክ ይቅርታ ሲጠይቅ በግድግዳው ይሰማል። ሲጨርስ በሩ ላይ መጥቶ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ ኡናይሲ ቦርዱ እስኪወስን ድረስ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ እንዳትገባ ነገራት። ዲስክ ሰርቃ መውጣቷ በጽሑፍ ይሰፍራል አለ። ሳሪታ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በኃይል አስቀመጠች። ኡናይሲ አጎቷን አየችው። ትዕዛዙ የማን እንደነበር፣ የድሮውን ድራይቭ ያጠፋው እጅ የማን እንደነበር የሚናገርበት ጊዜ አሁን ነበር። አፓኩኪ በአውራ ጣቱ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካ ነበር። 

ወደ ሰፈራቸው ወደ ናቡዋ የሚሄደው አንድ አውቶቡስ ነው፤ ቤታቸውም አንድ ነው። ከሥራ ሰዓት መውጫ በኋላ ስለሆነ ሰው ታጭቋል። አፓኩኪ ቀድሞ ገብቶ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር አግኝቶ ነበር። ኡናይሲ ስትገባ ሲያያት ቦርሳውን ከአጠገቡ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገና ወደ መስኮቱ ተጠጋላት። ክፍት ቦታውን አለፈችው። ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዳ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ ቆመች። በየፌርማታው ሰው ሲገባ ያንን ቦታ ያያል፤ አንዲት ከረጢት የተሸከመች ሴት ሰው አለው ወይ ብላ ጠየቀችው። አፓኩኪ ዞር ብሎ ኡናይሲን አየ። እሷ መንገዱን ታያለች። «ሰው አለው» አላት ሴትዮዋን፣ እሷም ከረጢቷን እንደተሸከመች አጉረምርማ አለፈች። ቦታው እስከ ናቡዋ ባዶውን ሄደ። ኡናይሲም እስከ ናቡዋ ቆማ ሄደች።